የአርድኖክ በረኛ በሌክውድ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ዴንቨር ዳር ባለችው ኦሮራ ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ፣ አንዳንዶቹም በቁጭት ይመሰክራሉ፣ ምክንያቱም በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ በነበረችኝ ዓምድ ያላፌዝኩበት ሕልም ፈቺ፣ ያልተሟገትኩት ትንቢት ተናጋሪ የለም። የኤርፖርት ታክሲ ነጂዎቻችን ከአየር ማረፊያው ሥር አለ ስለሚባለው ምስጢራዊ ዋሻ ሲያወሩ፣ "ዋሻው ካለ ፓርኪንግ ይደረግና ወረፋችሁ ይጠር" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው መንፈስ አየሁ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን በልተህ ነበር የሚለውን ነው፣ ቀጥሎ ስንት ሰዓት ተኝተህ ነበር እላለሁ፣ እስከ ሦስተኛው ጥያቄ የደረሰ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። እኔ በዚያን ቀን ቁርሴን በልቼ፣ እንቅልፌን ጠግቤ ነበር። ሌሊት ነበር ብላችሁም እንዳታስቡ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት፣ ውጪው በበረዶ ነጥቶ ዓይን እስኪያጨናብስ ድረስ የበራበት ጠዋት። የሆነውን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ ትርጉሙን ግን ከእኔ አትጠብቁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ ኢንተርኔት ገና በሽቦ በሚመጣበትና አንድ ዘፈን ለመስማት ሦስት ጊዜ ቆም ብሎ በሚያሰላስልበት ዘመን። ከዓርብ እስከ እሑድ ከዴንቨር በሌላው በኩል ባለችው ሌክውድ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እሠራ ነበር። ቤቱ የእትዬ ለተብርሃን ነው፣ እትዬ ለተ እንላቸዋለን፣ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ፣ ቁጣቸው ደግሞ ከአማርኛቸው የጠራ ሴትዮ ናቸው። የሌሊቱን ፈረቃ የምትሠራው ብርቱካን ነበረች፣ የሆሳዕና ልጅ፣ ጴንጤ፣ ጠዋት ስንቀያየር ሁልጊዜ ስለ ነፍሴ የምትጨነቅልኝ። አንድ ቀን በሰይጣን አላምንም ብላት፣ "አንተ አታምንበትም፣ እሱ ግን በአንተ ይተማመናል" ብላኝ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

ከምንጦራቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ሚስተር ሬኒ ነበሩ። ሰማንያን ያለፉ ስኮትላንዳዊ፣ ረጅም፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ እጃቸው ግን ገና እንደ ቧንቧ መፍቻ የጠነከረ፣ ምክንያቱም በጎልማሳነታቸው ዴንቨር መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቧንቧ ሲሠሩ ኖረዋል። ሚስታቸው ሞታለች፣ ሌላ ስቴት የምትኖር አይሊን የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። እንግሊዝኛቸውን ለመልመድ ግማሽ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ንግግራቸው ሁሉ በእኔ አማርኛ የተመለሰ መሆኑን ዕወቁልኝ።

እኚህ ሰው በወጣትነታቸው አርድኖክ ሮቨርስ ለሚባል ክለብ በግራ በኩል አማካይ ሆነው ተጫውተዋል። ስሙን ካልሰማችሁ አትፈሩ፣ ማንም አልሰማውም። አርድኖክ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፣ ሜዳው ከባሕሩ በአንድ ግንብ ብቻ ይለያል፣ ክለቡም በታሪኩ አንድ ታላቅ ቡድን ብቻ ነበረው፣ ያም ቡድን ዋንጫ ለማንሳት አንድ ጨዋታና አንድ ደቂቃ ሲቀረው ወደቀ። ስለዚያ ቡድን ግን ሚስተር ሬኒ ሲያወሩ ብትሰሙ ዓለምን የገዛ ይመስላችኋል። መሐል ተከላካዩ ትልቁ ዳን ዳቦ ጋጋሪ ነበር፣ ሌሊቱን ሲጋግር አድሮ ከሰዓት በኋላ ይጫወታል፣ በጭንቅላቱ የመለሳት ኳስ ዱቄት ይዛ ትሄድ ነበር ይባላል። አጥቂው ሚቺ ከሰል ቆፋሪ ነው፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ከጉድጓድ ወጥቶ ሽፋሽፍቱ ላይ ያለውን ከሰል ሳያጥብ ሜዳ ይገባል። ቀኝ ተከላካዩ መዝሙረ ዳዊት ሳያነብ የጫማውን ክር አያስርም። እኔ እነዚህን ተረቶች ስሰማ በልቤ እስቅ ነበር፣ ድሃ ክለብ ልክ እንደ ድሃ አገር ነው፣ ዋንጫ ባጣ ቁጥር ቅዱሳን ያበዛል።

እዚያ ከሰዓት በኋላ የሚጀመረው ጨዋታ እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይውላል። ክለቡ አሁን መጨረሻው ዲቪዚዮን ውስጥ ቢሆንም፣ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ጨዋታውን እንደ ሬዲዮ በድምፅ ብቻ በኢንተርኔት ያስተላልፉት ነበርና ኮምፒውተሩን አልጋቸው አጠገብ ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሚስተር ሬኒ የታላቁን ቡድን አሥራ አንድ ስም ይጠራሉ፣ ከበረኛው ጀምረው እስከ ግራ ክንፉ፣ ልክ እንደ ክፍል አስተማሪ። የሞተ ከሆነ ራሳቸው "ሄዷል" ይላሉ፣ በሕይወት ያለ ከሆነ ደግሞ "አለ" የማለት ሥራ የእኔ ነው። እኔ ሥራውን በጀመርኩ ጊዜ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ በረኛው አርቺና እሳቸው። ስለዚህ ገና ሲጀምሩ አንዴ "አለ" እላለሁ፣ መሐል ላይ ደግሞ አንዴ፣ ሌላው ሁሉ ሄዷል ነው።

አንድ ቅዳሜ አርድኖክ እንደተለመደው ከተሸነፈ በኋላ ከትራሳቸው ሥር ቀጭን መጽሐፍ አወጡ።

"ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። "የክለቡን ታሪክና የታላላቆቹን ተጫዋቾች። አርድኖክ ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ በየቤቱ ያለ መጽሐፍ ነው።"

"እንኳን ደስ ያለዎት" አልኳቸው፣ በደራሲ ቅናት።

"አንዱ ገጽ ግን ውሸት ነው።"

ያ ገጽ ስለ ግማሽ ፍጻሜው ነው። በመጨረሻዋ ደቂቃ አርቺ ያለ ምክንያት ግቡን ጥሎ እንደወጣና ኳሷ ባዶ መረብ ውስጥ እንደገባች ይናገራል።

"ስሙን ጠርቼ 'ና፣ ውጣ!' ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ታዘዘኝና ወጣ። ወደ ኋላ የሰጠኋትን ኳስ ግን አሳጠርኳት፣ የተጋጣሚያችን አጥቂ ደረሰባት። ከአርቺና ከእኔ በቀር የሰማ የለም፣ ሕዝቡ ሲጮህ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ነገ እናገራለሁ ብዬ አደርኩ። ጠዋት ስነሳ የከተማው ሰው የአርቺን ቤት በር ከማጠፊያው ነቅሎ፣ ተሸክሞ ወስዶ፣ ሜዳው ላይ ግቡ መሐል አቁሞታል። እናቱ በሩ በነበረበት ቦታ ብርድ ልብስ ሰቅላ አየሁ። ከዚያ በኋላ የሚናገር ሰው የሚነቀለው የራሱ በር ነው።"

አርቺ ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካም፣ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ላይ ጨው ሲነሰንስ ኖረ፣ አንድም ቀን ግን ሬኒ ነው ያስወጣኝ ብሎ አልተናገረም። ሚስተር ሬኒ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፣ ሩቅ ሆነውም ውሸቱን በመጽሐፍ አተሙት። አሁን ከመሞታቸው በፊት እውነቱን ለአርቺ ጽፈው ይቅርታውን መጠየቅ ፈለጉ፣ ሁለቱም ሰማንያን አልፈዋልና ጊዜ የለም። እሳቸው ኮምፒውተር ስለማይችሉ እኔ እንድጽፍ፣ ለክለቡ ጸሐፊ በኢሜል እንድልክ፣ ጸሐፊው ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዲያነብለት፣ ከዚያም በጨዋታ ቀን በምትታደለው መጽሔት ላይ እንዲያወጣው።

"አንተ ጸሐፊ ነህ" አሉኝ። ይህቺ ቃል ስንት ሰው አበላሽታለች መሰላችሁ።

ያስጻፉኝ ሰባት ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ደረቅ፣ አጭር። ጠርቼው ነበር፣ ወጣ፣ ኳሷን አሳጠርኩ፣ ዝም አልኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር። እኔ ደግሞ ቤቴ ወስጄ ማሳመር ጀመርኩ፣ አንድ አንቀጽ ስለ ትዝታ፣ አንድ አንቀጽ ሕዝብ ለምን ጥፋተኛ እንደሚያስፈልገው፣ እመኑኝ፣ ጥሩ መጣጥፍ እየወጣው ነበር። ሚስተር ሬኒ በሦስተኛው ቅዳሜ "ላክኸው?" አሉኝ። ገና እያረምኩ ነው ማለት አሳፈረኝና "ልኬዋለሁ" አልኩ፣ ማታውኑ እልካለሁ ብዬ ነው። ማታውን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀየርኩ፣ አልላክሁም። ከዚያ በየሳምንቱ "መልስ መጣ?" ይሉኛል፣ "ገና ነው" እላለሁ፣ "አርቺ ድሮም ቀስ ይላል" ብለው ራሳቸውን ያጽናናሉ። ስድስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆንን።

አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ስርጭቱን ሳዘጋጅ አድራሻዬን ከሰጠሁት ከክለቡ ጸሐፊ ኢሜል ደረሰኝ። አርቺ ማክሰኞ ዐርፏል፣ እባክህ ለሬኒ በቀስታ ንገርልን፣ ነገ ከጨዋታው በፊት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ይደረጋል ይላል።

ወጥ ቤት ገብቼ ለእትዬ ለተ ነገርኳቸው። ስለ ደብዳቤው አልነገርኳቸውም፣ ስለ ሞቱ ብቻ ነው የነገርኳቸው።

"አሁን ገብቼ ልንገራቸው" አልኩ።

"አብደሃል?" አሉኝ፣ የያዙትን ሳህን አስቀምጠው። "ለብቻው? ቁርስ ሳይበላ? ሰው ሳይሰበሰብ? ፈረንጅ ስለሆነ አንጀት የለውም?"

"ኧረ እትዬ፣ እነሱ ዘንድ እኮ በስልክ ነው የሚነገረው።"

"እዚህ ቤት ግን የእኔ ቤት ነው። ልጁን እጠራለሁ፣ እሑድ ትገባለች፣ ብርቱካንም ትኖራለች፣ አራት ሆነን እናረዳዋለን። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል፣ ወደይ" አሉኝ፣ በትግርኛቸው ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ እኮ በመርዶ ወጋችን ላይ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ ሰው የእናቱን ሞት ለሳምንት መደበቅ በጅምላ መዋሸት ነው ብዬ፣ ያን ጊዜ ብዙ ሰው አኩርፎኛል። በዚያን ጠዋት ግን ወጉን ወደድኩት፣ እንደ ብርድ ልብስ ተከናነብኩት፣ ምክንያቱም የሚሸፍንልኝ ነገር ነበረኝ።

"ሬዲዮውስ?" አልኳቸው። "ነገ የኅሊና ጸሎቱን ይሰማሉ።"

"ታዲያ አበላሸዋ! የሰው ነገር ማበላሸት መቼ ይጠፋሃል?"

ቅዳሜ ጠዋት ከኦሮራ ሌክውድ ድረስ በበረዶ ላይ እየተንፏቀቅኩ ነዳሁ። ብርቱካን ሄደች፣ እትዬ ለተ ምድር ቤት ልብስ እያጠቡ ነበር፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሳሎን ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለዋል። መጀመሪያ የመተላለፊያውን ምንጣፍ ቫኪዩም አደረግኩ፣ ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ከዚያ ከግድግዳው ላይ የኢንተርኔቱን ሽቦ ነቀልኩ፣ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ፣ ወደ ሚስተር ሬኒ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"ዛሬ ኢንተርኔት የለም፣ በረዶው ይሆናል" አልኳቸው።

ለአፍታ አዩኝ። "አይጨንቅህ" አሉ። "መልስስ መጣ?"

"ገና ነው።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ግን የሚያሳየው ባዶ ገጽ ነው። ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች ጠረጴዛው ላይ ዝም ብለዋል። ከዚያ የግራው ድምፅ ማጉያ ትንሽ ሺ... አለ፣ ውኃ ጠጠር ላይ ሲመለስ እንደሚያሰማው ዓይነት። የኤሌክትሪክ ነው አልኩ በልቤ። ድምፁ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ በመሐሉ የባሕር ወፍ ጮኸች፣ ከወፏ ሥር ደግሞ የሰው ጉምጉምታ፣ ብዙ ሰው፣ እግር እየለዋወጠ የቆመ፣ እየሳለ፣ እጁን የሚያፋትግ። እጄን ኪሴ ሰደድኩ፣ ሽቦው አለ። ኮምፒውተሩ ካለፈው ሳምንት ያጠራቀመው ነው አልኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚቻል አንድ ልጅ ነግሮኝ ነበር።

ፊሽካ ተነፋ። ጉምጉምታው ጸጥ አለ።

የባዶ ክፍል ዝምታና የብዙ ሰው ዝምታ አንድ አይደለም፣ ይህን ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ከማጉያው የመጣው የብዙ ሰው ዝምታ ነበር፣ ክፍሉን ሞላው፣ ጆሮዬን ተጫነው። ሚስተር ሬኒ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ትራሳቸውን ላስተካክል ብነሳ በእጃቸው ተው አሉኝ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከወደ መተላለፊያው ቀ...ቀ...ቀ...ቀ... የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ የብረት ነገር ሲሚንቶ ላይ ሲረግጥ የሚያሰማው። እኔ በልጅነቴ ኳስ የተጫወትኩ ሰው ነኝ፣ የታኬታ ጫማ ድምፅ አይጠፋኝም። ግን መተላለፊያችን እኮ ምንጣፍ ነው፣ ሲሚንቶ የለውም። ከጀርባዬ ደግሞ ብርድ ገባ፣ የራሰ ሱፍና ተጫዋቾች እግራቸውን የሚታሹበት ቅባት ሽታ ይዞ።

ሚስተር ሬኒ መጥራት ጀመሩ።

"በረኛ፣ አርቺ።"

የእኔ ተራ ነው። አፌን ከፈትኩ፣ "አለ" ልል ነበር። መልሱ ግን ቀድሞኝ መጣ፣ ከኋላዬ፣ በሽማግሌ ድምፅ፣ ጎርነን ብሎ፣ ደከም ብሎ።

"አለሁ።"

እመኑኝ፣ አልዞርኩም። ፈሪ በሉኝ፣ ሰው በዚያ ሰዓት ለምን እንደማይዞር በዚያን ቀን ነው የገባኝ፣ ካልዞርክ ነገሩ ገና ላይሆን ይችላል። ሚስተር ሬኒ ግን ከትከሻዬ በላይ አሻግረው አዩ፣ ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የሚባል አልነበረም፣ በረኛው ከልምምድ የዘገየባቸው ያህል ነው።

"ከስተሃል" አሉት።

ቀጥሎም ያንን ያስጻፉኝን ነገር በራሳቸው አፍ ተናገሩ፣ ሰባቱን ዓረፍተ ነገር፣ አንድም ሳይጨምሩ፣ አንድም ሳይቀንሱ። ስሙን እንደጠሩት፣ እንደወጣ፣ ኳሷን እንዳሳጠሩ፣ ዝም እንዳሉ፣ በሩን ሲነቅሉ እንዳዩ፣ መጽሐፉ ውስጥ እንደዋሹ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቁ። ምንም ማሳመሪያ አያስፈልገውም ነበር፣ ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። ከዚያ ዝም ብለው አዳመጡ። እኔ ከኋላዬ የምሰማው ማጉምጎም ብቻ ነው፣ የእሳቸው አገር ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚናገሩት፣ ለእኔ ቃሉ የማይለይ። ረጅም ነበር። ሚስተር ሬኒ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዴ በስሱ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደና ዓይናቸው ከበሩ ላይ ተነስቶ እኔ ላይ አረፈ።

"አይደለም" አሉ፣ እኔን እያዩ ለእሱ። "ልኬዋለሁ ነው ያለኝ።"

ፊሽካው በድጋሚ ተነፋ፣ ማጉያው ውስጥ ሕዝቡ አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ሁሉም ድምፅ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፋ። ብርዱም ሽታውም የሉም። ያን ጊዜ ዞርኩ። የዘጋሁት በር እስከ ግማሹ ተከፍቷል። መተላለፊያው ባዶ ነው፣ ግን በጠረግኩት ምንጣፍ ላይ ከውጪው በር እስከ ሚስተር ሬኒ ክፍል ድረስ ትንንሽ ጉድጓዶች ነበሩ፣ ስድስት ስድስት እየሆኑ፣ እኔም ቆሜ እያየኋቸው የምንጣፉ ጸጉር ቀስ በቀስ እየተነሳ ደፈናቸው። እትዬ ለተ የታጠበ ልብስ ታቅፈው ከምድር ቤት ሲወጡ አንዳች ምልክት አልቀረም።

"ምን ሆነህ ነው እንዲህ የገረጣኸው?" አሉኝ። "ነገርከው እንዴ?"

"አልነገርኳቸውም" አልኩ። እውነቴን ነው፣ እኔ አልነገርኳቸውም።

ሽቦውን መልሼ ሰክቼ፣ በዚያችው ሰዓት ሰባቱን ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ የእኔን ማሳመሪያ ሁሉ አውጥቼ፣ ለክለቡ ጸሐፊ ላክሁ። እግረ መንገዴንም የኅሊና ጸሎቱ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኩ፣ ምክንያቱም እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ማብራሪያ እየፈለግኩ ነበር። ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ። ሜዳው በውርጭ ስለተጋገረ ጨዋታው ተሰርዟል፣ ማንም ሜዳ አልገባም፣ የኅሊና ጸሎቱም ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል። ስለ ደብዳቤው ደግሞ፣ በመጽሔቷ ላይ ይወጣል፣ ግን አርቺ በሕይወት ሳለ ቢደርሰው እንዴት ጥሩ ነበር ይላል። ይህቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግራችሁም።

እሑድ አይሊን መጣች። አራት ሆነን ገባን፣ ብርቱካን ባለጌ ወንበሩን ከአልጋው አጠገብ አራቀች፣ ለቅሶ ቤት ሰው ራሱን እንዳይጎዳ እንደሚደረገው። እትዬ ለተ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚስተር ሬኒን እጅ ያዙና ገና "ሚስተር ሬኒ፣ ሰው ሁሉ..." ብለው ሲጀምሩ፣ "አርቺ ሞቷል፣ አውቃለሁ" አሉ።

እትዬ ለተ በዓይናቸው ሊገድሉኝ ምንም አልቀራቸው።

"ማን ነገረህ፣ አባዬ?" አለች አይሊን።

"ራሱ።" እሷ አለቀሰች፣ አባቷ ሐሳባቸው እየሄደ ነው ብላ ነው ያለቀሰችው። ሚስተር ሬኒ ግን ወደ እትዬ ለተ ዞረው ለምን ወዲያው እንዳልነገሯቸው ጠየቁ። እትዬ ለተም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ወጋችንን በደንብ አድርገው አስረዱ፣ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ ለተራበ አይነገርም፣ መንገድ ሊሄድ ለተነሳ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው።

ሚስተር ሬኒ በጥሞና አዳመጡ። "ደግ ወግ ነው" አሉ። ቀጥሎ በተለመደ ድምፅ፣ ሻይ የመጠየቅ ያህል፣ "ደረጀ፣ አርቺ ለአንተም ብሎ የነገረኝ ነገር አለ" አሉኝ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አየኝ። "ምን አለ?" አልኩ።

"ቤትህ ማን አለ?"

"ማንም። ብቻዬን ነው የምኖረው።"

"እንግዲያው ዛሬ አይሆንም" አሉ።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ፣ ወይም በደብዳቤው ምክንያት እየቀጡኝ ነው አልኩ፣ ቢቀጡኝም ይገባኛል። ግን እኮ ክፉ ፊት አላሳዩኝም፣ ሻይ ስሰጣቸው ያመሰግኑኛል፣ ስላጥባቸው ይቀልዳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ጠየቅኳቸው፣ "ቁርስ በልተሃል?" አሉኝ፣ አልበላሁም ነበር፣ "ሌላ ቀን" አሉ። በሌላው ሳምንት በልቼ ጠየቅኩ፣ በመስኮት በረዶውን አይተው "አሁን ኦሮራ ድረስ ልትነዳ ነው እኮ" አሉኝ። ደብዳቤውን አልላክሁትም ነበር ብዬም ተንበርክኬ ተናዘዝኩ፣ "አውቃለሁ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው" ብለው ጸጉሬን ዳበስ አደረጉኝ። ያቺ መዳበስ ናት ያስፈራችኝ። ሰው እንዲያ የሚዳብሰው ማንን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛ ዘንድ እንዲያ በጥንቃቄ የሚዘገይ ወሬ ምን ዓይነት ወሬ እንደሆነም ታውቃላችሁ።

በሚያዝያ፣ ረቡዕ ቀን፣ እኔ በማልገባበት ቀን ዐረፉ። ለእኔ የተላከውን ቃል ለማንም አልነገሩም፣ ለአይሊንም፣ ለእትዬ ለተም፣ ጠይቄያቸዋለሁ። ማብራሪያ ካላችሁ ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ አብዛኛውን ራሴ ነኝ የፈጠርኩት፣ የሽማግሌ ቅዠት፣ የኮምፒውተር ብልሽት፣ የእኔ ጸጸት። እቀበላለሁ። በቀን እቀበላለሁ፣ ሰው ሲጠይቀኝም እንዲሁ ነው የምመልሰው።

ባለፈው ወር እህቴ ከአትላንታ ደወለች። ልጆቿ አድገው ወጥተውላታል፣ ኮሎራዶ መጥታ ከእኔ ጋር ብትኖር ደስ ይላታል፣ "ብቻህን መኖር ይበቃሃል፣ እኔም ይበቃኛል፣ ቢያንስ አብረን እንበላለን" አለችኝ። እወዳታለሁ፣ ዓመታት ናፍቄያታለሁ። ስልኩን ይዤ ባዶውን ሁለተኛ መኝታ ቤት እያየሁ፣ ሚስተር ሬኒ "ቤትህ ማን አለ?" ያሉኝ ትዝ አለኝ።

"ቤቱ ይጠበናል" አልኳት።

አይጠብም።